ዓይኔ ያመጣቸው እንግዶች

መጀመሪያ ጥፋተኛዋ መወርወሪያዬ መስላኝ ነበር።

ሸማኔ ነኝ። ቀጨኔ ተወልጄ፣ እዚያው ሸማ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን እንደከተትኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መወርወሪያ ማለት ማጉን ይዛ በድሩ መሀል ከእጅ ወደ እጅ የምትመላለስ እንጨት ናት። ሠላሳ ዓመት ስወረውራት አንድም ቀን አምልጣኝ አታውቅም። አንድ ማክሰኞ ግን ወደ ግራ ወረወርኳትና የግራ እጄን አልፋ መሬት ወደቀች። አነሳኋት። ደግማ ወደቀች። "ይቺ ጠማማ" ብዬ ሌላ አስጠረብኩ። አዲሷም ወደቀች። እንጨት ስሰድብ ሁለት ወር አባከንኩ፤ ዓይኔን ግን አልጠረጠርኩም። በዚህ በሽታ ሰው መጀመሪያ የሚሰድበው ሌላውን ነው።

ከዚያ ፊደል ይጎድልብኝ ጀመር። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጄን የምታክል አስተማሪ ፊት፣ ከአራት ሴቶችና ከአንድ ዘበኛ ጋር ተቀምጬ "ሀ ሁ" ብያለሁ። የሳቁብኝን ሰዎች ስም ዛሬም አልረሳሁም። ግን ተማርኩ። የታክሲ ታፔላ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ከቀጨኔ ሽሮ ሜዳ ድረስ የሱቅ ስም እያነበብኩ ስሄድ ሰው ሰላም ቢለኝ አልሰማም። አሥር ዓመት አነበብኩ። አልጠገብኩትም። ከዚያ ቃሎቹ፣ ብል እንደበላው ጨርቅ፣ ከዳር ከዳር ያልቁ ጀመር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ "የዕድሜ ነው አባት" ብሎ መነጽር ሰጠኝ። መነጽሩ ያየሁትን አጎላልኝ፤ ያላየሁትን ግን አላመጣልኝም። ሁለተኛው "የክር ብናኝ ነው፣ አለርጂ ነው" አለና ማጠቢያ አዘዘልኝ። እያጠብኩ በር ገጨሁ፣ እያጠብኩ ልጄን ሰናይትን ገጨኋት። ሦስተኛው ቦታ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሐኪም አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ አየችኝ። 

"ቀደም ብለው ለምን አልመጡም?" አለችኝ።

"መጥቻለሁ። ያላዩኝ የመጣሁባቸው ናቸው።"

አልተቆጣችም። በሽታው ግላኮማ እንደሚባል ነገረችኝ። ዓይን ውስጥ የሚዘዋወር ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ሲጠብ ይጠራቀምና ግፊት ይሆናል፤ ግፊቱ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። አያምም፣ አይቀላም፤ ከዳር ጀምሮ ዝም ብሎ ይበላል። "የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን። ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ማታ ሌላ ዓይነት፣ ዕድሜ ልክዎን።" ከዚያ ወረቀቷን ገልጣ "በቤተሰብዎ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ይህን መልሴን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰፈር ሲሰማ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎረቤታችን መጥታ "ዓይን በልቶት ነው" አለች። እኛን የቀጨኔን ባለ እጆች ሰው ቡዳ እያለ ነው የኖረው፤ ሸማችንን ለብሶ፣ በሸክላችን በልቶ፣ ቡዳ ይለናል። "ታዲያ ቡዳውን ማን በላው?" ብላት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ባለቤቴ አበራሽ ግን አልሳቀችም። "ቀልዱን ተወውና ጠበል እንሂድ" አለች።

ሄድኩ። እዚህ ላይ በደንብ አንብቡኝ። ጠበል አልነቅፍም፤ ተጠምቄያለሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። የነቀፍኩት ራሴን ነው። ወደ እንጦጦ ተራራ ወጥተን ሰልፍ ላይ ስንቆም ከኋላዬ ያለ ሰው "ጠበል የገባ መድኃኒት አይነካም፤ እምነት ጎደሎ ይሆንብሃል" አለኝ። ማንነቱን አላየሁትም። ድምፁን ብቻ አመንኩ። ሁለት ጠርሙሶቼን ቤቴ ከተሰቀለው ሥዕል ኋላ አስቀመጥኳቸውና ለሁለት ወር አልነካኋቸውም። ሱባኤዬን ስጨርስ ግራ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር። በቀኙ የቀረኝ በር ላይ ያለች የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ነገር ናት።

የንስሐ አባቴ ሲሰሙ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። "ማነው ጠብታ ተው ያለህ?"

"ሰው ነው አባ።"

"የትኛው ሰው?"

"ሰልፍ ላይ የነበረ ሰው።"

"ታዲያ እኔን የማትጠይቀኝ ለምንድን ነው? ጠበሉም የእግዜር፣ ጠብታውም የእግዜር! ሰልፍ ላይ ላለ ሁሉ ትናዘዛለህ እንዴ?"

የዚያኑ ማታ ጠርሙሶቹን ከሥዕሉ ኋላ አወጣኋቸው። 

እንግዶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ሌሊት የሚፈራ ከሆነ ዕድለኛ ነው፤ ሲነጋ ያልፍለታል። የእኔ የመጣው ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ጥለት ወጣ። የነጠላ ጥለት፣ ሰማያዊና ወርቅማ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ባለሙያ ነኝ፤ የሰው እጅ ያለበትን ጥለት አውቃለሁ። የሰው እጅ ባለበት የሆነ ቦታ አንድ ክር ይስታል። ያ ጥለት ማለቂያ አልነበረውም፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ዓይኔን ሳዞር አብሮ ዞረ። ስጨፍን ጠፋ። ስገልጥ ይጠብቀኝ ነበር።

በሳምንቱ ሰዎቹ መጡ። ቁመታቸው እንደ በርጩማ ነው። ነጭ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። ፊታቸው ላይ ፊት የለም። ጥግ ላይ ይቆማሉ፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ ሰባት። አይናገሩም፣ አይጠጉም፣ ሲራመዱ ኮቴ የላቸውም። ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። አበራሽን የማያት እንደ ጭስ ነበር። እነሱን ግን የነጠላቸውን ክር መቁጠር እችል ነበር። አበራሽ በመሀላቸው አልፋ ውሃ ታመጣልኛለች፤ እነሱ ንቅንቅ አይሉም።

"ምን ታያለህ ጥግ ጥጉን?" ትለኛለች።

"ዕውር ምን ያያል?" እላታለሁ። ትሄዳለች።

ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቴ አባቴ ነው።

አባቴም ሸማኔ ነበር። ሲያረጅ ግድግዳ እየዳበሰ መሄድ ጀመረ፤ እኛም እርጅና አልነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቀና ብሎ "ለእንግዶቹ በርጩማ ስጧቸው እንጂ፣ ቆመው ቀሩ" አለ። ዞር ስንል ማንም የለም። በነጋታው ደገመው። በሦስተኛው ቀን በርጩማውን ራሱ ተሸክሞ ጥግ ላይ አስቀመጠና "አረፍ በሉ" አለ፤ ጎረቤት ቆሞ እያየ። ከዚያ ወዲያ ሰፈር ውስጥ ስሙ እብዱ ሆነ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አፈርኩበት። ተራራ ላይ ወዳለ ጠበል ቦታ ወሰድኩትና እንዳይጠፋብኝ እግሩን ከምሰሶ አሰርኩት። ገመዱን የፈተልኩት እኔ ነኝ። እንዳይቆርጠው ብዬ ከጥጥ ፈተልኩት፤ ደግ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቋጠሮውን ሳጠብቅ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እንዲህ አለኝ፦ "እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ያሰርከኝ አንተ ነህ።" ክረምቱ ሳይወጣ እዚያው ሞተ።

እንግዲህ እኔ ጥግ ላይ የቆሙትን ሳይ ምን እንዳየሁ ገባችሁ? ገመዱን ነው ያየሁት። ተራዬ ደረሰ አልኩ። ቤቴ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅና አንዲት ሚስት አሉ፤ ሁለቱም ይወዱኛል። እኔም አባቴን እወደው ነበር።

ሰናይት ስልክ ይዛ የመጣችው እንደዚህ ባለ ወቅት ነው። የምትሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ እዚያ ያለች ደንበኛ ነግራት ማያ ገጹን በድምፅ የሚያነብ ነገር ስልኩ ላይ አስከፈተችልኝ። ጣቴን ሳስኬድ አንዲት ሴት ያለሁበትን ትነግረኛለች፤ ሁለቴ ስመታ ትከፍተዋለች። የምትናገረው ሳትተነፍስ ነው። የጠላሁት መስሎኝ ነበር። ግን ስጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ስነካ ትጠራዋለች፤ "ለ" ስነካ "ለ"፣ "መ" ስነካ "መ"። የቀበሌው አዳራሽ ተመለሰ። የሚስቅብኝ ብቻ የለም። በዓይኔ ያጣሁትን ማንበብ በጆሮዬ አገኘሁት። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በእሷ ነው። ጥግ ላይ ያሉት እያዩኝ ማለት ነው፤ ዓይን ቢኖራቸው። አንዳንዴ ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ፦ አንዷ ድምፅ አላት፣ አካል የላትም። ሌሎቹ አካል አላቸው፣ ድምፅ የላቸውም። እኔ ደግሞ በመሀል።

ያቺ ሐኪም የምትሠራበት ክሊኒክ ለደንበኞቹ አፕ እያሠራ ነበር፤ ጠብታ የሚያስታውስ፣ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ሐኪም ዘንድ ከመግባት በፊት ጥያቄ የሚጠይቅ። የምትሠራው ልጅ መክሊት ትባላለች። ዓይኑ የደከመ ሰው ሞክሮ ይንገረኝ ብላ ቤቴ ድረስ መጣች። ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ዳገት ሁሌም እንዲህ ነው?"

"የለም፣ ለእንግዳ ነው የምናወጣው።"

"አባዬ!" አለች ሰናይት። መክሊት ግን ሳቀች።

"ዶክተሯ ናት የላከችኝ። እውነቱን የሚነግርሽ ሰው ከፈለግሽ ጋሽ በላቸው ጋ ሂጂ ብላኝ ነው።"

"ተሳዳቢ ማለቷ ነው። አምጪው።"

ስልኩን ሰጠችኝ። ጣቴን አስኬድኩ። የስልኩ ሴት "አዝራር" አለች። አለፍኩ። "አዝራር።" አለፍኩ። "አዝራር።"

"ምንድን ነው ይሄ? ሸሚዝ ነው የሠራሽው?"

"ውይ... ስም አልሰጠናቸውም። ለሚያይ ሰው ሥዕል አለባቸው፤ አንዱ ጠርሙስ ነው፣ አንዱ ሰዓት..."

"ለሚያይ ሰው ከሆነ ዳገቱን ለምን ወጣሽ?"

የእስክሪብቶዋን ድምፅ ሰማሁ። እየጻፈች ነበር። ቀጠልኩ። ስልኩ "የጠብታ ሰዓት ደርሷል፤ አረንጓዴ ክዳን ያለውን ይጠቀሙ" አለኝ።

"አረንጓዴውን እንዴት ልወቀው? በምላሴ ልቅመሰው?"

ከኪሴ ሁለቱን ጠርሙሶች አወጣሁላት። የጠዋቱ አንገት ላይ ክር አስሬ አንድ ቋጠሮ፣ የማታው ላይ ሁለት ቋጠሮ ቋጥሬያለሁ። ሸማኔ ሌላ ሊያጣ ይችላል፤ ክር አያጣም። ጣቷን ይዤ አስዳሰስኳት።

"ይሄንን ማን አሳየዎት?"

"ችግር።"

ዛሬ አፑ ስለ ቀለም አያወራም። "ባለ አንድ ቋጠሮውን" ነው የሚለው። ክሊኒኩም ጠርሙስ ሲሰጥ ክር አስሮ ነው የሚሰጠው። ይህ የእኔ ነው፤ አልደብቅም፣ ደስ ይለኛል።

መጨረሻ ላይ ከሐኪም በፊት የሚመጡት ጥያቄዎች ደረሱ። ያምዎታል? አይ። ይቀላል? አይ። "ቅዠት አለብዎት?" ጣቴ ቆመ። መክሊት ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ አምስት ሆነው ቆመዋል። "አይ" የሚለውን ነካሁ።

"ይሄን የጻፈው ማነው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ። ዶክተሯ የግድ ይግባ አለች።"

"ማንም አዎ አይልሽም። 'እብድ ነህ ወይ?' ብሎ ከመጠየቅ በምን ይለያል?"

"እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይጠይቁ ነበር?"

አፌ ቀደመኝ። "'ሌላ ሰው የማያየው ነገር ይታይዎታል ወይ?' በይ። ሰውየውን ተዪውና ነገሩን ጠይቂ።"

ለአፍታ እስክሪብቶው ቆመ። "እሺ ጋሼ" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ያን ቀን ያልጠየቀችኝን ዛሬም አመሰግናታለሁ።

በወሩ ቀጠሮዬ ደረሰና ከሰናይት ጋር ወረድን። የዓይን ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይለያል። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ወደ ድምፅ ነው የሚዞረው። በሩ ሲጥጥ ብሎ ሲከፈት አንገት ሁሉ አንድ ላይ ይዞራል፤ ሲዘጋ አንድ ላይ ይመለሳል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ አዲሱን አፕ ከፈትኩ። አዝራሮቹ ስም አግኝተዋል። ጥያቄዎቹ መጡ። ከዚያ የራሴ ቃል በዚያች በማትተነፍስ ሴት አፍ መጣልኝ፦ "ሌላ ሰው የማያየው ነገር ይታይዎታል?"

ሰው ቢጠይቀኝ እንደገና እዋሽ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ማንም አይሰማም፣ የጠየቀችኝም ሰው አይደለችም። በዚያ ላይ ደክሞኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ከእነሱ ጋር መቀመጥ ይደክማል። "አዎ" ነካሁ። ምን ይታይዎታል? "ሰዎች።" በየስንት ጊዜው? "በየቀኑ።"

ይህን ጊዜ ነርሷ የሆነ ስም ጠራች። አንድ ሰው ሲያልፍ ከዘራው የማዳመጫዬን ገመድ ያዘና ከስልኩ ነቀለው።

መክሊት አንድ ነገር ረስታለች። ጥያቄው ሲያልቅ አፑ የመለስኩትን ሁሉ ከመላኩ በፊት ከላይ ጀምሮ ያነባል። አነበበ። ግን ጆሮዬ ውስጥ አልነበረም።

"ሌላ ሰው የማያየው ነገር ይታይዎታል፦ አዎ። የሚታይዎት፦ ሰዎች። በየቀኑ።"

ልዘጋው ስልኩን ዳበስኩ። በነካሁት ቁጥር ትናገራለች። "ሰዎች" አለች። ሌላ ቦታ ነካሁ። "በየቀኑ" አለች። በሁለት እጄ አፈንኳት፤ በጣቶቼ መሀል "ለመላክ ሁለቴ ይንኩ" አለች። ከዚያ ዝም አለች።  አንድ ወንድ "በስመ አብ" አለ። አግዳሚው ተንቋቋ፤ ከጎኔ የነበረ ሰው ራቅ አለ። የሰናይት እጅ ክንዴ ላይ ነበር፤ እስክታነሳው ጠበቅሁ። አላነሳችውም። 

ቋጠሮው ሲጠብቅ እግሬ ላይ ተሰማኝ። እውነቴን ነው፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ።

ከዚያ ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

"ነጭ ነው የለበሱት?"

ስልኩን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁት።

"አንተን እኮ ነው፣ ስልክህ የተናገረው። ነጭ ነው የለበሱት?"

"ነጭ ነው" አልኩ። 

"የእኔዎቹም ነጭ ናቸው" አሉ ሴትዮዋ። በኋላ እማማ አስካለ እንደሚባሉ አወቅሁ። "ሠርገኞች ናቸው። በግድግዳው ላይ ያልፋሉ፣ ያልፋሉ፣ አያልቁም። ከበሮ ይዘዋል፤ ይመቱታል፤ ድምፅ የለውም። ሁለት ዓመቴ ነው። ለልጆቼ አልነገርኩም፤ ለአንተ ስልክ ምስጋና ይድረሰው!"

ያ "በስመ አብ" ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ... ሰው አይደለም የሚታየኝ። ግንብ ነው። መስኮት ያለው ግንብ። ስሄድበት ይሸሻል።"

"የአንተዎቹስ ምን ያደርጋሉ?" አሉኝ እማማ አስካለ።

"ምንም። ቆመው ያዝናሉ። ለቀስተኞች ናቸው።"

"አይ ዕድልህ! እኔ ሠርግ፣ አንተ ለቅሶ። ቀደም ብለህ ብትነግረኝ በአንድ ድንኳን አናስተናግዳቸውም ነበር?"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ፊቴ ረጥቦ ነበር፤ ጠብታ አልነበረም።

ስልኩን አውጥቼ ሁለቴ ነካሁና ላክሁት። ዶክተሯ ስገባ አንብባው ነበር። አልደነገጠችም። በአንድ የድሮ ፈረንጅ ስም የሚጠራ ነገር እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ስሙን መያዝ አልቻልኩም። "አንጎል ከዓይን ምስል መቀበል ለምዷል። ዓይን መላክ ሲያቆም ባዶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ካለው ክምችት እያወጣ ራሱ ይስላል። ዓይናቸው በደከመ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። እብደት አይደለም።"

ገባኝ። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ መርገጫ ሲረግጥ ውሎ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሲተኛም እግሩ ይረግጣል። ድር የለም፤ እግሩ ግን ይሸምናል። የእኔም አንጎል ያለ ክር እየሸመነ ነው።

"ሲመጡ ዓይንዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅሱ። ብርሃን ያብሩ። አብዛኛው ሰው ላይ እየቆየ ይቀንሳል" አለችኝ።

"መታሰር አያስፈልገውም?"

"ምን?"

"ይሄ ያለበት ሰው። አይታሰርም?"

"ጋሽ በላቸው፣ ማነው የሚያስርዎት?"

 ሰናይት ከኋላዬ ቆማለች። ይህን ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም።

"ዶክተር፣ በቤተሰብዎ ዓይኑ የጠፋ አለ ወይ ብለውኝ ነበር። የለም ብያለሁ። ያንን ይሰርዙት። አባቴ ይበሉ።"

ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ "በሽታው በዘር ይሄዳል። ልጅዎም ትታይ" አለች። ያን ዕለት አየቻት። የሰናይት ግፊት ከፍ ብሎ ነበር፤ ነርቯ ግን ገና አልተነካም። ጠብታ ጀመረች። እሷ ምንም አልጠፋባትም፤ አይጠፋባትምም። መጀመሪያ በጠየቁኝ ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አባቴን ሁለቴ እንደካድኩት ይቆጠርልኝ።

መክሊት በሳምንቱ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ስታለቅስ ነበር። "ጋሼ፣ በሰው ፊት አዋረድኩዎት።"

"አዋረድሽኝ" አልኳት። ውሸት አልችልም። "ግን ጥያቄውን እንዳትሰርዢው። ማዳመጫ ሲነቀል ዝም ትበል። መልሴን ሳልጠይቃት አታንብብ። በየትም ቢነኳት በአንድ ምት ዝም የምትልበት ነገር አድርጊላት። ሁሉም ሰው እማማ አስካለ ፊት ለፊት አይቀመጥም።"

ሁሉንም አስተካከለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "አዎ" ላለ ሰው ወዲያው አንድ አጭር ቃል እንዲሰማ ፈልጋለች፤ የማሽኗ ሴት ስትለው ግን ያስፈራል። "በሰው ድምፅ ይሁን። እርስዎ ይበሉት።" አልኩት። በስልኳ ቀዳችው።

እንግዶቹ አሁንም ይመጣሉ። ቀንሰዋል፤ አንዳንዴ ሳምንት ያልፋል። ግራ ዓይኔ አልተመለሰም፣ አይመለስም። በቀኜ የቀረችው ቀዳዳ ግን እንዳለች ናት፤ ጠብታዬን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ሸማውን በጣቴ ቆጥሬ እሠራለሁ፤ ተራ ጋቢ ነው፣ ጥለት የለውም። በየወሩ ስልኬ ያንኑ ይጠይቀኛል። "አዎ" እላለሁ። ያኔ የራሴ ድምፅ ይመልስልኛል፦ "እብደት አይደለም። ዓይንህ ነው። አይዞህ፣ ለሐኪሙ ንገር።" አበራሽ መጀመሪያ የሰማችው ዕለት እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። "የአባትህ ድምፅ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ስሰማው እሱ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ የሚዳብስ፣ ለማታዩት እንግዳ በርጩማ አምጡ የሚል ሽማግሌ ካለ፣ ገመድ ከመፈለጋችሁ በፊት ዓይኑን አሳዩት። በርጩማውንም አምጡለት። እኔ አላመጣሁለትም።